ከላም ዓይን እስከ ሰው ጉልበት፦ ሃያሉሮኒክ አሲድ በሕክምና

ተልባ ወይም አብሽ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፎ ያሳደረ ሰው ጠዋት የሚያገኘው ዝልግልግ ነገር ፖሊሳካራይድ ከሚባሉት ውህዶች አንዱ ነው። የስኳር ቅንጣቶች አንዱ ካንዱ ተያይዘው እጅግ ረጅም ሰንሰለት ሲሠሩ ኬሚስቶች ይህን ስም ይሰጧቸዋል። የድንች ስታርች፣ የጥጥ ክር፣ የእንጨት ሴሉሎስ ሁሉም ከዚሁ ወገን ናቸው። የሚለያቸው የትኛው ስኳር ከየትኛው ጋር፣ በምን ዓይነት ማያያዣ እንደተሰካና ሰንሰለቱ ምን ያህል እንደረዘመ ነው። በዚህ ልዩነት የተነሣ አንዱ ይበላል፣ አንዱ ይለበሳል፣ ሌላው ውሃ ይዞ ይዝለገለጋል።

የሰው ሰውነትም የራሱን ዝልግልግ ይሠራል፤ ስሙ ሃያሉሮኒክ አሲድ ነው። በቆዳ፣ በመገጣጠሚያ ፈሳሽ፣ በዓይን ኳስ ውስጥ፣ በእትብትም ይገኛል። 70 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሰው በመላ አካሉ 15 ግራም ያህል ይይዛል፤ ከዚህ ውስጥ ግማሽ ያህሉ ያለው ቆዳው ውስጥ ነው። ከጠቅላላው ደግሞ ሲሶ ያህሉ በየቀኑ እየፈረሰ በአዲስ ይተካል።

የዚህ ንግግር ጉዳይ ይኸው ውህድ ወደ ሐኪም እጅ እንዴት እንደገባና የት የት ቦታ እንደሠመረለት ማሳየት ነው። ታሪኩ ብዙ ቅርንጫፍ አለው፤ ግንዱ ግን አንድ ነው። ሰውነት ሃያሉሮኒክ አሲድን ያውቀዋል። ስለሚያውቀው እንደ ባዕድ ነገር አይዋጋውም፤ ስለሚያውቀው ደግሞ ማፍረሻውን ኤንዛይም አዘጋጅቶ ይጠብቀዋል። ስለዚህ ለሕክምና በታሰበ ቁጥር መጀመሪያ የሚነሣው ጥያቄ “ስንት ጊዜ መቆየት አለበት?” የሚለው ነው። ለዓይን ቀዶ ሕክምና ደቂቃዎች ይበቃሉ፤ ለሆድ ዕቃ ጥቂት ቀናት ያስፈልጋሉ፤ ከጉልበትና ከፊት ላይ ግን ወራት ይጠበቃሉ። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩ የተጀመረው ከከብት ዓይን ነው። በ1934 ካርል ማየርና ጆን ፓልመር ኒው ዮርክ በሚገኘው ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የከብት ዓይን እየሰበሰቡ፣ የዓይኑን ኳስ ከውስጥ የሚሞላውን ጥርት ያለ ዝልግልግ ያጣሩ ነበር። ማየር ጀርመን ተወልዶ ወደ አሜሪካ የተሻገረ ባዮኬሚስት ሲሆን ይሠራ የነበረውም በዓይን ሕክምና ክፍል ውስጥ ነው። ሁለቱ ሰዎች ከዚያ በፊት ያልታወቀ አሲዳማ ፖሊሳካራይድ አገኙ። መዋቅሩን አጥርቶ ለመፍታት ግን እስከ 1950ዎቹ ድረስ ሃያ ዓመት ያህል ወሰደ።

ሲፈታ የተገኘው ነገር በቀላልነቱ ያስገርማል። ግሉኩሮኒክ አሲድ እና ኤን-አሴቲል-ግሉኮሳሚን የሚባሉ ሁለት ስኳሮች እየተፈራረቁ ይሰካካሉ፤ ሌላ ነገር የለም። ቅርንጫፍም የለውም። ጥንዱ ግን ከ10,000 ጊዜ በላይ ሊደጋገም ይችላል። ፕሮቲን ቢሆን ኖሮ የላሙ ከዶሮው፣ የዶሮው ከሰው ይለያይ ነበር፤ የሰውነት መከላከያም ልዩነቱን አይቶ ይነሣበት ነበር። ይህ ሰንሰለት ግን ከየትኛውም እንስሳ ቢወጣ ኬሚስትሪው ያው ነው።

ሌላው ጠባዩ ለሐኪሞች ከዚህም በላይ ጠቅሟል። በሰንሰለቱ ላይ በየጥንዱ አሉታዊ የኤሌክትሪክ ሙል አለ። ሙሎቹ ስለሚገፋፉ ሰንሰለቱ ተዘርግቶ ሰፊ ቦታ ይይዛል፣ በመካከሉም ብዙ ውሃ ያቁራል። ከመቶ እጁ 99ኙ ውሃ፣ አንዱ ብቻ ሃያሉሮኒክ አሲድ የሆነ ብጥብጥ ቅርጹን ይዞ የሚቆም ወፍራም ዝልግልግ ይሆናል። በቀጭን መርፌ ሲገፋ ግን ሰንሰለቶቹ ወደ አንድ አቅጣጫ ይሰለፉና ያለ ችግር ይፈስሳል፤ ግፊቱ ሲቆም መልሶ ይወፍራል። በፀጉር ቀጭን ቱቦ ገብቶ ውስጥ ሲደርስ ትራስ የሚሆን ቁስ ማለት ነው።

ይህን ጠባይ ወደ ሕክምና ለማምጣት ከማንም በላይ የደከመው ሀንጋሪያዊው ኤንድሬ ባላዥ ነው። ቡዳፔስት ተወልዶ በ1947 ወደ ስዊድን ሄደ፣ በ1950ዎቹ መጀመሪያም ቦስተን ገብቶ የዓይንን ዝልግልግ ማጥናት ቀጠለ። ሐሳቡ በጉዳት ወይም በቀዶ ሕክምና ከዓይን የጎደለውን ዝልግልግ በሃያሉሮኒክ አሲድ መሙላት ነበር። ሥራው ግን ቶሎ እንቅፋት ገጠመው። ከእንስሳ የወጣው ውህድ ዓይን ውስጥ ሲገባ ዓይኑ ይቆጣል። ጥፋቱ የሰንሰለቱ አልነበረም፤ ከእሱ ጋር ተጣብቀው የሚመጡት የፕሮቲን ርዝራዦችና ሌሎች ቆሻሻዎች ነበሩ።

ባላዥ ዓመታቱን ያሳለፈው በማጥራት ላይ ነው። ጥሬ ዕቃው ሁለት ነበር፦ የሰው እትብት፣ እና በአውራ ዶሮ አናት ላይ የሚቆመው ቀይ ሥጋ። የዶሮው ሥጋ በሃያሉሮኒክ አሲድ እጅግ የበለጸገ ነው፤ ቀጥ ብሎ እንዲቆም የሚያደርገውም ይኸው ውሃ ያዘለ ዝልግልግ ነው። የተጣራው ውጤት ንጹሕ መሆኑን ለማረጋገጥ ባላዥ የኬሚስትሪ ምርመራ ብቻ በቂ ሆኖ አላገኘውም። ጉጉት መሰል ትልልቅ ዓይን ባላቸው የደቡብ አሜሪካ ጦጣዎች ዓይን ውስጥ ያስገባውና መከላከያ ሴሎች እየተሰበሰቡ መሆን አለመሆኑን ይመለከት ነበር። መቆጣት የማያስከትለውን ክፍል ለይቶ ያወጣበት ዘዴ በ1979 በአሜሪካ የፈጠራ ባለቤትነት መብት አገኘ። ዛሬ የሰው አካል ውስጥ የሚገባው የሃያሉሮኒክ አሲድ ምርት ሁሉ የተመሠረተው በዚህ የንጽሕና ጥያቄ ላይ ነው።

በመገጣጠሚያ ሕክምና ግን ከሰው በፊት ፈረሶች ቀደሙ። በ1970 ባላዥ ከስዊድናዊው የአጥንት ሐኪም ኒልስ ሪዴል ጋር ሆኖ መገጣጠሚያቸው የታመመ የእሽቅድምድም ፈረሶች በሃያሉሮኒክ አሲድ መርፌ መታከማቸውን የሚገልጽ ጥናት አወጣ። ፈረሱ ሲያነክስ በዓይን ይታያል፣ ሲሻለውም እንዲሁ፤ ባለቤቱም ለመክፈል ዝግጁ ነው።

የዓይን ሐኪሞች ዘንድ ግን ነገሩ ፈጽሞ በሌላ በር ገባ።

የዓይን ሞራ ማለት ከብሌኑ ኋላ የተቀመጠው የተፈጥሮ ሌንስ ሲደፈርስ ነው። እንግሊዛዊው ሐኪም ሃሮልድ ሪድሊ በ1949 ለንደን ውስጥ የደፈረሰውን አውጥቶ በፕላስቲክ ሌንስ የመተካትን ሥራ ጀመረ። ዘዴው ብርሃን ይመልስ ነበር፤ አደጋውም ብዙ ነበር። ኮርኒያ የሚባለው የዓይን መስተዋት ከውስጥ በኩል በአንድ ረድፍ ሴሎች ብቻ ተለብጧል። እነዚህ ሴሎች ሥራቸው ውሃ ከኮርኒያው እየቀዱ ማስወጣትና ጥርት ብሎ እንዲቆይ ማድረግ ነው። አዋቂ ሰው በአንድ ስኩዌር ሚሊ ሜትር 2,500 ያህል ሴሎች አሉት፤ የሞቱት በአዲስ አይተኩም። ፕላስቲኩ ለቅጽበት ሲነካቸው ተጣብቀውበት ይላጣሉ። ብዙ ከሞቱ ኮርኒያው ውሃ አዝሎ ያብጣል፣ ይነጣል፤ ሞራው ወጥቶም ሰውየው አያይም።

ኮርኒያው ጠርዝ ላይ ጠባብ ቀዳዳ ሲከፈት ደግሞ ከፊት ያለውን ክፍል ወጥሮ የያዘው ፈሳሽ ይወጣል። ጥልቀቱ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ የሆነው ክፍል ይሟሽሻል፣ ኮርኒያውም ወደ ሌንሱ ይወርዳል። በ1980 አሜሪካዊው ዴቪድ ሚለርና ደቡብ አፍሪካዊው ሮበርት ስቴግማን ባሳተሙት ሥራ ለዚህ ችግር መልሱ የባላዥ ዝልግልግ መሆኑን አሳዩ። ሐኪሙ በቀጭን ቱቦ ሲገፋው ገብቶ ክፍሉን ይሞላል፣ ኮርኒያውን ከፍ አድርጎ ይይዛል፣ ሴሎቹንም ይሸፍናል። በዚያ በተያዘ ቦታ ውስጥ ሐኪሙ የሌንሱን ስስ ሽፋን በክብ ይቀድዳል፣ የደፈረሰውን ያወጣል፣ አዲሱን ያስገባል። የስዊድኑ ፋርማሲያ ኩባንያ ምርቱን “ሂሎን” በሚል ስም በ1980ዎቹ መጀመሪያ ለገበያ አቀረበ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላም ያለ እንዲህ ዓይነት ዝልግልግ የሞራ ቀዶ ሕክምና ማድረግ የማይታሰብ ሆነ።

ሥራው ሲያልቅ ሐኪሙ ዝልግልጉን አጥቦ ማውጣት አለበት። ከቀረ፣ የዓይን ፈሳሽ የሚወጣባትን ቀጭን ወንፊት ይደፍናል፤ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ባሉት ሰዓታት የዓይን ግፊት ይጨምራል። አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ይወርዳል፤ ምክንያቱም ሰንሰለቱ ዓይን ውስጥ ለዘለዓለም አይቆይም። ስለዚህ ሃያሉሮኒክ አሲድ በሕክምና ዓለም ትልቁን ድሉን ያገኘው የዕድሜው ማጠር ጉዳት በማያመጣበት ቦታ ነው።

ጉዳዩ ለኢትዮጵያ ሩቅ አይደለም። በ2005 እና በ2006 የተካሄደው ብሔራዊ የዓይነ ስውርነት ጥናት ከሕዝቡ 1.6 በመቶው ማየት የተሳነው መሆኑን አሳይቷል፤ ከእነዚህም ግማሽ ያህሉ ለዚህ የበቁት በዓይን ሞራ ነው። ብዙ ሰው በአነስተኛ ወጪ በሚታከምባቸው አገሮች ግን ሃያሉሮኒክ አሲድ ሁለት ችግር አለበት፦ ዋጋውና ማቀዝቀዣ መፈለጉ። ስለዚህ በብዙ ቦታ የሚመረጠው ከእንጨት ወይም ከጥጥ ሴሉሎስ የሚዘጋጅ፣ ሃይድሮክሲፕሮፒል ሜቲልሴሉሎስ የሚባል ሌላ ፖሊሳካራይድ ነው። ርካሽ ነው፣ በእንፋሎት ሙቀት ከጀርም ይጸዳል፣ ያለ ማቀዝቀዣ ይቀመጣል። ቦታ የመያዝ ኃይሉ ከሃያሉሮኒክ አሲድ ያንሳል። የሰው ሰውነት ሴሉሎስን የሚያፈርስ ኤንዛይም ስለሌለውም ሐኪሙ አጥቦ ሊያወጣው ይገባል።

በሆድ ቀዶ ሕክምና ደግሞ የሚፈለገው ዕድሜ ትንሽ ይረዝማል። ሆድ ተከፍቶ ሲዘጋ፣ የቆሰሉ የአንጀትና የሌሎች የሆድ ዕቃ ክፍሎች ሲድኑ እርስ በርስ ይጣበቃሉ። መጣበቁ ከዓመታት በኋላም አንጀት ሊያጥፍና ሊዘጋ፣ ሴትን ደግሞ ልጅ ከመውለድ ሊያግድ ይችላል። የመጣበቁ ዕድል የሚወሰነው በመጀመሪያው ሳምንት ነው። በ1996 የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር፣ በምኅጻር ኤፍዲኤ፣ “ሴፕራፊልም” የሚባል ስስ ወረቀት መሰል ነገር ፈቀደ፤ የተሠራውም ከሃያሉሮኒክ አሲድና ከተለወጠ ሴሉሎስ ነው። ሐኪሙ ሆድ ከመዝጋቱ በፊት በቆሰሉት ክፍሎች መካከል ያነጥፈዋል። በአንድ ወይም በሁለት ቀን ወደ ዝልግልግነት ይለወጣል፣ ለሰባት ቀን ያህል አጥር ሆኖ ይቆያል፣ በአንድ ወር ውስጥ ከሰውነት ይወጣል።

ወደ ጉልበት ሲመጣ ታሪኩ ይከብዳል።

ጤነኛ የጉልበት ፈሳሽ በእያንዳንዱ ሚሊ ሊትር ከ2 እስከ 4 ሚሊ ግራም ሃያሉሮኒክ አሲድ ይይዛል። ሰው በዝግታ ሲራመድ ፈሳሹ ያለሰልሳል፣ ሲሮጥና ሲዘል ደግሞ ግፊቱን ይሸከማል። በዕድሜ ወይም በጉዳት የአጥንቶቹ ጫፍ ለስላሳ ሽፋን ሲበላ፣ ማለትም ኦስቲዮአርትራይተስ ሲይዝ፣ የሃያሉሮኒክ አሲዱ መጠን ይቀንሳል፤ ሰንሰለቱም ያጥራል። ታዲያ የጎደለውን በመርፌ መመለስ አይበጅም? በፈረሶቹ የተጀመረው ሐሳብ ይኸው ነበር። ኤፍዲኤ በ1997 “ሂያልጋን” እና “ሲንቪስክ” የሚባሉ መርፌዎችን ለጉልበት ፈቀደ። የተመዘገቡት እንደ መድኃኒት ሳይሆን እንደ ሕክምና መሣሪያ ነው፤ ይሠራሉ የተባለው በአካላዊ ጠባያቸው ስለሆነ።

ችግሩ ጊዜ ነው። ወደ መገጣጠሚያ የገባ ሰንሰለት በሰዓታትና በቀናት ውስጥ ፈርሶ ይወጣል፤ ሕመሙ ግን ዓመታት ይቆያል። አምራቾች ሰንሰለቶቹን እርስ በርስ እያሰሩ ዕድሜያቸውን ሊያራዝሙ ሞክረዋል። አንዳንዶችም መርፌው ከወጣ በኋላ የሚቀር ጥቅም አለ፣ የመገጣጠሚያው ሽፋን የራሱን እንዲሠራ ያነቃቃል ይላሉ። በ2022 ቢኤምጄ በተባለው የብሪታንያ የሕክምና መጽሔት የወጣ ትልቅ ግምገማ 169 ሙከራዎችንና ከ21,000 በላይ ታካሚዎችን አንድ ላይ አየ። ሃያሉሮኒክ አሲድ ከማስመሰያ መርፌ ይልቅ ሕመምን የቀነሰው በጣም በጥቂቱ ሲሆን፣ ልዩነቱ ታካሚው ከቁም ነገር የሚቆጥረው ደረጃ ላይ አልደረሰም። ከባድ ጎጂ ክስተቶች ግን በመርፌው ወገን በዝተው ተገኙ። የብሪታንያ ብሔራዊ መመሪያ መርፌው ለኦስቲዮአርትራይተስ እንዳይሰጥ ይመክራል፤ የአሜሪካ የአጥንት ሐኪሞች አካዳሚም በመደበኛነት እንዲሰጥ አይመክርም። እንዲያም ሆኖ መርፌው በብዙ አገር ይሸጣል። ጉልበቱ የሚያመው ሰው መርፌ ከተወጋ በኋላ እንደቀለለው ቢናገር አልዋሸም፤ ማስመሰያውን የተወጉትም ብዙ ጊዜ እንደዚያው ይላሉ።

ፊት ላይ ግን ማሰሩ ተሳክቷል። ስዊድን፣ ኡፕሳላ ውስጥ የተመሠረተው ኪው-ሜድ ኩባንያ “ሬስታይሌን” የተባለውን ምርት በ1996 አውሮፓ ውስጥ መሸጥ ጀመረ፤ ኤፍዲኤ የፈቀደው በ2003 መጨረሻ ነው። በኬሚካል ድልድይ የታሰሩት ሰንሰለቶች ለማፍረሻው ኤንዛይም በቀላሉ አይገኙለትም፤ ስለዚህ ከስድስት ወር እስከ አንድ ዓመት ወይም ከዚያ በላይ ይቆያሉ። የተሸበሸበ ቆዳን ይሞላሉ፣ ከንፈር ያሳብጣሉ፤ በበሽታ ምክንያት ስብ የከሳበትን ፊትም ይመልሳሉ። ዋናው አደጋ መርፌው ሳይታወቅ የደም ሥር ውስጥ ሲገባ ነው። ዝልግልጉ ደሙን ሲዘጋ ቆዳ ሊሞት፣ ከዓይን የደም ሥር ከደረሰ ደግሞ ዓይን ሊጠፋ ይችላል።

ለዚህ አደጋ የሚሰጠው ማርከሻ ያው ሃያሉሮኒክ አሲድን የሚያፈርሰው ኤንዛይም፣ ሃያሉሮኒዴስ ነው። የእሱም ታሪክ ረጅም ነው። በ1928 ፍራንሲስኮ ዱራን-ሬይናልስ የተባለ ተመራማሪ ከእንስሳ የዘር ፍሬ የተወሰደ ጭማቂ ቫይረስ በጥንቸል ቆዳ ውስጥ በፍጥነት እንዲሠራጭ እንደሚያደርግ አየ። ምክንያቱን የደረሱበት በ1940 አካባቢ ኤርነስት ቼንና ባልደረባው ናቸው፤ ቼን ፔኒሲሊንን ለሕክምና ካበቁት ሰዎች አንዱ ነው። ጭማቂው ውስጥ ያለው ኤንዛይም በሴሎች መካከል ያለውን ዝልግልግ እያፈረሰ መንገድ ይከፍት ነበር።

ዛሬ ይኸው ዘዴ በካንሰር ሕክምና ላይ ውሏል። ዳራቱሙማብ የሚባለው የደም ካንሰር መድኃኒት በደም ሥር ሲሰጥ የመጀመሪያው ቀን ብዙ ሰዓት ይወስድ ነበር። ከሃያሉሮኒዴስ ጋር ተቀላቅሎ በ2020 የተፈቀደው ዓይነት ግን ሆድ ላይ ከቆዳ ሥር በሦስት እስከ አምስት ደቂቃ ውስጥ ይወጋል። ኤንዛይሙ ለጊዜው ቦታ ይከፍታል፤ ሰውነትም የፈረሰበትን በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ መልሶ ይሠራል። እዚህ ላይ ሐኪሙ የሚጠቀመው በሰንሰለቱ ሳይሆን በመፍረሱ ነው።

ሃያሉሮኒክ አሲዱ ራሱ ዛሬ በአብዛኛው ከዶሮም ከእትብትም አይመጣም። በ1937 ተመራማሪዎች አንዳንድ ስትሬፕቶኮከስ ባክቴሪያዎች ሰውነታቸውን በሃያሉሮኒክ አሲድ እንደሚሸፍኑ አገኙ። ሽፋኑ ከእንስሳው ዝልግልግ ጋር አንድ ስለሆነ የሰውነት መከላከያ ጠላቱን ከወገኑ ለመለየት ይቸገራል። ፋብሪካዎች ይህንኑ ባክቴሪያ በትልልቅ ጋኖች እያራቡ ሽፋኑን ያጣራሉ።

ስለ ሰንሰለት ርዝመት የሚወራው አዲስ ነገር ደግሞ የመጣው ከአፍሪካ ቀንድ ምድር ሥር ነው። ፀጉር አልባው ፍልፈል በኢትዮጵያ፣ በሶማሊያና በኬንያ ደረቅ ቆላ ይኖራል፤ ለሳይንስ ያስተዋወቀው ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል በ1842 ከሸዋ በተገኘ ናሙና ነው። መጠኑ ከአይጥ ብዙ ባይበልጥም ከ30 ዓመት በላይ ይኖራል፤ ካንሰር ሲይዘው የታየውም እጅግ አልፎ አልፎ ነው። በአሜሪካ ሮቸስተር ዩኒቨርሲቲ ቬራ ጎርቡኖቫና አንድሬ ሴሉዋኖቭ በ2013 ባሳተሙት ሥራ የፍልፈሉ ሃያሉሮኒክ አሲድ ከሰው ከአምስት እጥፍ በላይ እንደሚረዝምና ሲነሣበት ሴሎቹ ለዕጢ እንደሚጋለጡ ጻፉ። በ2023 ሰንሰለቱን የሚሠራውን የፍልፈል ዘረመል ወደ አይጥ አስገብተው መካከለኛ ዕድሜዋ በ4.4 በመቶ ሲጨምር አዩ። ሌሎች ተመራማሪዎች በፍልፈሉ አካል ውስጥ ያለው መጠንና ርዝመት እንደተባለው አይደለም ብለው ተከራክረዋል፤ ክርክሩ ገና አልተዘጋም።

በእንዲህ ዓይነት መድረክ ዘወትር የሚነሡ ሁለት ጥያቄዎች አሉ። የመጀመሪያው ስለ ቅባት ነው። ሃያሉሮኒክ አሲድ ያለበት ቅባት ቆዳን ያረጥባል፤ ውሃ ይዞ ላዩ ላይ ስለሚቆይ ለጥቂት ሰዓታት ቆዳው የለሰለሰ ይመስላል። ረጃጅሞቹ ሰንሰለቶች ግን የቆዳን የላይኛ ንጣፍ አልፈው አይገቡም፤ ስለዚህ ከቅባት የመርፌ ሥራ አይጠበቅም።

ሁለተኛው ጥያቄ የፊት መርፌ የሚወጉ ሰዎች ምን ማረጋገጥ አለባቸው የሚል ነው። የምርቱ ማሸጊያ ሲከፈት ማየት፣ ስሙን መጠየቅና መወጋት የሚፈልጉበትን ቦታ ከሚያውቅ ሐኪም ጋር መነጋገር ተገቢ ነው። በተለይ ግን መርፌው ከመወጋቱ በፊት ሃያሉሮኒዴሱ በክሊኒኩ ማቀዝቀዣ ውስጥ መኖሩን ማወቅ ይገባል፤ ደም ሥር ቢዘጋ ከሌላ ቦታ እስኪመጣ የሚጠበቅበት ጊዜ አይኖርም።